ያበጠው ዲስክና የዶላር ሒሳቡ

“የሰርቨሩ ዲስክ ስለሞላ ተጨማሪ ይገዛልን።” ይህን መሰል ደብዳቤ በየድርጅቱ የፋይናንስ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ማረፉ የተለመደ ነው። ኃላፊውም “የኮምፒዩተር ነገር የባለሙያ ነው” ብሎ ይፈርማል። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ግዥው ይፈጸማል። የቡናው መጋዘን ሞላ ቢባል ግን ይኸው ኃላፊ በቀላሉ አይፈርምም። ስንት ኩንታል እንዳለ፣ የትኛው ተሸጦ እንደወጣ፣ ባዶ ጆንያ ቦታ ይዞ እንደሆነ ሳያስቆጥር ሌላ መጋዘን አይከራይም። በዲስኩ ላይ ይህ ጥያቄ የማይነሣው ቦታው በዓይን ስለማይታይ ብቻ ነው።

ይህ ቸልተኝነት ዋጋው ትንሽ የነበረበት ጊዜ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ሒሳቡ ተለውጧል። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዲስክም፣ የክላውድ ኪራይም፣ የሶፍትዌር ፈቃድም መነሻ ዋጋቸው በዶላር ነው። ስለዚህ በሰርቨር ውስጥ የተኛ ባዶ ቦታ ጉዳዩ የቴክኒሺያኑ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ነገሩን ከሥሩ ማየት ይበጃል። ዛሬ ብዙ ድርጅት ለሒሳብ ፕሮግራሙ አንድ፣ ለደንበኞች መዝገቡ ሌላ፣ ለኢሜይሉ ደግሞ ሦስተኛ ሰርቨር አይገዛም። አንድ ትልቅ ማሽን ይገዛና በውስጡ አምስት ወይም አሥር “ቨርችዋል ማሽን” ያቆማል። አንድ ሕንፃ በክፍል በክፍል ለተለያዩ ተከራዮች እንደሚከራይ ማለት ነው። ይህን አሠራር በተራው ኮምፒዩተር ላይ ለገበያ በማቅረብ ስሙን የተከለው እ.ኤ.አ. በ1998 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ቪኤምዌር ነው። የመጀመሪያ ምርቱን ያወጣውም በተከታዩ ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪን፣ የሊኑክስ ሠፈር ደግሞ ኬቪኤምን ይዘው ገብተዋል።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ቨርችዋል ማሽን የራሱ ዲስክ ያለው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ያ ዲስክ በትልቁ ማሽን ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል መሆኑ ነው። ፋይሉ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ገና ከጅምሩ 500 ጊጋባይት ከተባለ 500 ጊጋባይቱን ሙሉ በሙሉ ይዞ የሚቀመጥ ነው። ሁለተኛውና በብዛት የሚመረጠው 500 ጊጋባይት ነኝ እያለ በተግባር የሚይዘው የተጻፈበትን ያህል ብቻ ነው። 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት 20 ይሆናል፤ 100 ቢጻፍበት ወደ 100 ያድጋል።

ችግሩ ማደጉን እንጂ መመለሱን አለማወቁ ነው። የሒሳብ ክፍሉ የዓመቱን ሪፖርት ለማዘጋጀት 200 ጊጋባይት ጊዜያዊ ፋይል ፈጥሮ ሥራው ሲያበቃ አጠፋው እንበል። በቨርችዋል ማሽኑ ውስጥ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ቦታው ተለቋል፤ ባዶ ነው። በትልቁ ማሽን ላይ ያለው ፋይል ግን እንዳበጠ ይቀራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮምፒዩተር ፋይል ሲያጠፋ ከመዝገቡ ላይ ስሙን ይሰርዛል እንጂ የተጻፈውን አይፍቅም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ “ይህ ዶሴ ተወግዷል” ብሎ በደብተሩ ላይ ሠርዞ ዶሴውን ግን ከመደርደሪያው ሳያነሣ እንደሚሄደው ነው። የሕንፃው ባለቤት ደብተሩን አያነብም፤ የሚቆጥረው ዕቃ ያረፈበትን መደርደሪያ ነው።

በዚህ ላይ ባንኮችን የሚያስታውስ ልማድ ይጨመራል። ዲስኩ በተጻፈበት ልክ ስለሚያድግ፣ 2 ሺህ ጊጋባይት እውነተኛ ቦታ ያለው ድርጅት ለአሥር ቨርችዋል ማሽኖች 500፣ 500 ጊጋባይት ያድላል። በወረቀት ላይ 5 ሺህ ሰጥቷል። ባንክ አስቀማጮች ሁሉ በአንድ ቀን አይመጡም ብሎ ገንዘቡን እንደሚያበድር ሁሉ፣ የዲስኩም ባለቤት ሁሉም ማሽኖች በአንድ ጊዜ አይሞሉም ብሎ ነው የሚያድለው። አሠራሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ባንክ የተመለሰለትን ብድር መልሶ ያበድረዋል፤ ያበጠው ዲስክ የተለቀቀውን ቦታ አይመልስም። እያንዳንዱ ማሽን በየተራ እያበጠ የቆየ እንደሆነ አንድ ቀን እውነተኛው ቦታ ያልቃል። በዚያን ጊዜ መጻፍ ያቃታቸው ማሽኖች ባሉበት ይቆማሉ። የሽያጭ መዝገቡ፣ የደንበኞች አገልግሎቱ፣ የመጋዘን ቁጥጥሩ አብሮ ይቆማል ማለት ነው። ያን ዕለት የሚጻፈው የግዥ ደብዳቤ ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? እዚህ ላይ “ማሳነስ” በሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደሚጠሩበት መለየት ግድ ይላል። ሻጮችም ሆኑ አንዳንድ ባለሙያዎች ሁለቱን ስለሚያደባልቋቸው ገዢው ግራ ይጋባል።

የመጀመሪያው መጭመቅ ነው። ዲስኩ 500 ጊጋባይት መባሉ ሳይቀር በውስጡ የተሠረዘው ቦታ ለባለቤቱ እንዲመለስ ይደረጋል። ዘመናዊዎቹ ሥርዓቶች ለዚህ አንድ የመልእክት መስመር አላቸው። ፋይል ሲጠፋ ቨርችዋል ማሽኑ “ይህ ቦታ አያስፈልገኝም” ብሎ ለትልቁ ማሽን ይነግረዋል፤ ትልቁም ይወስደዋል። መስመሩ እንዲሠራ ግን ከሁለቱም ወገን መከፈት አለበት። አንድ ጊዜ ከተከፈተ ዲስኩ ሥራ ሳይቋረጥ ራሱን እያቀለለ ይሄዳል። ይህን መስመር ማስከፈት ጥቂት ሰዓት የባለሙያ ሥራ ይፈልግ እንደሆነ እንጂ አዲስ ዕቃ አያስገዛም።

መስመሩ በሌለባቸው የቆዩ ማሽኖች ደግሞ የጥንቱ ዘዴ አለ። ባዶ የተባለው ቦታ በሙሉ በዜሮ ይሞላና ፋይሉ እንደገና ሲገለበጥ ወይም ሲጨመቅ ዜሮው ይጣላል። በዚህ ዘዴ አንድ ወጥመድ አለ። ባዶውን ቦታ በዜሮ መሙላት ማለት መጻፍ ማለት ስለሆነ፣ በአንዳንድ ሥርዓቶች ላይ ዲስኩ ከመቅጠኑ በፊት እስከ ሙሉ ልኩ ያብጣል። 120 ጊጋባይት የነበረው መጀመሪያ 500 ይሆናል፤ ከዚያ ነው የሚወርደው። ቦታ ያለቀበት ድርጅት ሳይጠነቀቅ ይህን ከጀመረ ሊያድነው የፈለገውን ማሽን ራሱ ያቆመዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ባለሙያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት “የት ላይ ነው የሚያብጠው?” ተብሎ ቢጠየቅ ነውር የለውም።

ሁለተኛው ሥራ የዲስኩን ስም ራሱን መቀነስ ነው። 500 የነበረው 200 ይባላል። ይህ ከመጭመቅ እጅግ የከበደ ነው። ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰም የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ሳይሆን መረጃው ነው። ዲስክ ሲያድግ መጀመሪያ ውጭው ይሰፋል፤ ቀጥሎ ክፍፍሉ፣ በመጨረሻም መዝገቡ ይሰፋል። ሲያንስ ግን ተቃራኒው ነው። ሰው አጥሩን ወደ ውስጥ ሊያስገባ ሲያስብ አስቀድሞ ከድንበሩ አጠገብ ያለውን ዕቃ ወደ መሀል ያስገባል። ዕቃው ሳይነሣ አጥሩ ከገባ ዕቃው የጎረቤት ሆነ ማለት ነው። በዲስክም የተረፈው ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ውስጥ የሒሳብ መዝገቡ ቢኖርበት ማሽኑ አያዝንም።

አንዳንዱ ሥርዓት ደግሞ ጨርሶ አያንስም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሬድ ሃት ሊኑክስ የዘወትር ምርጫ የሆነው ኤክስኤፍኤስ የተባለው የፋይል አያያዝ ማደግን ይፈቅዳል፤ ማሳነስን ግን በተግባር አይፈቅድም። በእሱ ላይ የተሠራ ማሽን ዲስኩ ይነስ ከተባለ መንገዱ አዲስ ትንሽ ዲስክ አዘጋጅቶ መገልበጥ ነው። ዊንዶውስ ራሱ የማሳነሻ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን ከዲስኩ መጨረሻ አካባቢ የማይንቀሳቀስ ፋይል ከተቀመጠ እዚያው ላይ ይቆማል። 300 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ “ከ10 በላይ መቀነስ አይቻልም” የሚል መልስ ያጋጠመው ባለሙያ ጥቂት አይደለም። በተጨማሪም “ስናፕሾት” የሚባለው የማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ ቅጂ ተይዞ ከሆነ በአብዛኛው መጭመቁም ማሳነሱም አይሳካም። ስናፕሾት ለጥንቃቄ ተብሎ አንድ ቀን ይያዛል፤ ከዚያ ተረስቶ ለወራት ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የሞላውን ዲስክ የሞላው እሱ ነው። የግዥው ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም “የተረሳ ስናፕሾት አለ ወይ?” ተብሎ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለነጋዴ የሚጠቅመው ቁም ነገር አንድ ነው። ዲስክን ማሳደግ ቀላል ሲሆን ማሳነስ ከባድ ነው። የአብዛኛው ገዢ ልማድ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ “ለማንኛውም ትልቅ ይሁን” ብሎ ይጀምራል። ሻጭም አይቃወምም።

ክላውድ ላይ ይህ ልማድ በቀጥታ ገንዘብ ይበላል። በራስ ግቢ ባለ ሰርቨር ላይ 500 ተብሎ 120 የያዘ ዲስክ ቢያንስ የተቀረው ቦታ ለሌላ ማሽን ይውላል። በአማዞን የክላውድ አገልግሎት ግን ለዲስክ የሚከፈለው በተጻፈው ሳይሆን በተጠየቀው መጠን ነው። የአማዞን የተለመደው የዲስክ ዓይነት ዋጋ በሰሜን ቨርጂኒያ ማዕከሉ በጊጋባይት በወር 8 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። እዚያ አሥር ማሽኖችን በየ500 ጊጋባይት የተከራየ ድርጅት በወር 400 ዶላር ይከፍላል። እያንዳንዱ ማሽን የያዘው 120 ጊጋባይት ብቻ ከሆነና መተንፈሻ ተጨምሮ 200 ቢደረግ ክፍያው 160 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 240፣ በዓመት 2,880 ዶላር ነው። በቀድሞው የ57 ብር ምንዛሪ 164,160 ብር ነበር። አንድ ዶላር በ150 ብር ቢሰላ ግን 432,000 ብር ይሆናል። ያለ ምንም አዲስ አገልግሎት፣ ለአየር የሚከፈል።

እንግዲህ ይቀነስ ቢባልስ? አማዞን ደንበኛው ዲስኩን በጥቂት የቁልፍ ምት እንዲያሳድግ ይፈቅድለታል፤ ማሳነሻ ግን የለውም። የማይክሮሶፍት አዙርም ሆነ የጎግል ክላውድ እንደዚሁ ናቸው። መፍትሔው አዲስ ትንሽ ዲስክ ተከራይቶ መረጃውን ማዛወርና አሮጌውን መሠረዝ ነው። ለዚህ እውነተኛ ቴክኒካዊ ምክንያት አለ፤ ከላይ እንደተባለው ውጭውን መቁረጥ የሚቻለው ውስጡን የሚያውቅ ሲኖር ነው፤ አከራዩ ደግሞ ውስጡን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ይሁንና በሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ሲሆን አከራዩ ለመጠገን የሚቸኩልበት የንግድ ምክንያት እንደሌለውም ግልጽ ነው።

“ዲስክ ርካሽ ነው፤ የባለሙያ ሰዓት ነው ውዱ” የሚል ክርክር በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ይሰማል። ክርክሩ በከፊል ልክ ነው። አንድ ማሽንና አንድ ዲስክ ያለው ትንሽ ቢሮ 40 ጊጋባይት ለማትረፍ ሲል ማሽኑን አቁሞ አደጋ ውስጥ መግባት የለበትም። ክርክሩ የሚሳሳተው ዲስኩ አንድ ብቻ ነው ብሎ ሲያስብ ነው። ያበጠ ዲስክ ቅጂው ሁሉ ያበጠ ነው። ጠንቃቃ ድርጅት የዕለቱን ባክአፕ በግቢው፣ የሳምንቱን በሌላ ሕንፃ፣ የወሩን ደግሞ በክላውድ ያስቀምጣል። ባዶ ዜሮ በባክአፕ ጊዜ ተጨምቆ ከምንም አይቆጠርም፤ የተሠረዘ ፋይል ቅሪት ግን ለባክአፑ እንደ ማንኛውም መረጃ ነው፤ ተገልብጦ በኢንተርኔት መስመር ላይ እየተጫነ ይሄዳል። 200 ጊጋባይት ትርፍ በሦስት ቦታ ሲቀመጥ 600 ነው። ሌሊቱን ማለቅ የነበረበት ባክአፕ እስከ ረፋድ የሚዘልቅበትና ሠራተኛው “ዛሬ ሲስተሙ ከበደ” የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለማሳነስ የሚመች ጊዜ ካለ ደግሞ የዝውውር ጊዜ ነው። ብሮድኮም ቪኤምዌርን ለመግዛት መስማማቱን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በ61 ቢሊዮን ዶላር አስታውቆ ግዥውን በኅዳር 2023 ፈጸመ። ብዙም ሳይቆይ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ደንበኞችን ወደ ጊዜያዊ ክፍያ አስገባ። በዓለም ዙሪያ ብዙ ድርጅቶች ሌላ አማራጭ መፈለግ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ኬቪኤምን መሠረት ያደረገው የቪየናው ፕሮክስሞክስም ከእነዚህ አማራጮች አንዱ ነው። ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲኬድ የዲስኩ ፋይል ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው መለወጥ አለበት፤ መለወጥ ማለት ደግሞ እንደገና መገልበጥ ነው። ዲስኩ በዚያው አጋጣሚ ቢጨመቅ ተጨማሪው ድካም ጥቂት ነው። ሆኖም የዝውውር ውል ሲፈረም ይህ ሥራ በውሉ ካልተጠቀሰ ኮንትራክተሩ ያበጠውን እንዳበጠ ያዛውራል። እንዲያውም የአዲሱን ሰርቨር መጠን በአሮጌው የዲስክ ስም ልክ አስልቶ ፕሮፎርማ ያቀርባል። 5 ሺህ ጊጋባይት ተብሎ ለተጻፈ 5 ሺህ ይገዛል፤ ውስጡ 1,200 ቢሆንም።

ስለዚህ ለማንኛውም የሰርቨር ወይም የክላውድ ግዥ በጨረታ ሰነዱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን እንዲቀርቡ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የተመደበው መጠንና በማሽኑ ውስጥ በእውነት የተያዘው መጠን። ሁለቱን ቁጥሮች ማውጣት ለባለሙያ የአንድ ጧት ሥራ ነው። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ከሆነ የግዥው ፊርማ ይቆይ። አዲስ ማሽን ሲተከልም በሚያስፈልገው ላይ መጠነኛ መተንፈሻ ተጨምሮ ይጀመር፤ ሲሞላ ማሳደግ ይቻላል። ማሳነሱ የግድ ሲሆን ደግሞ ሥራው በሙሉ ባክአፕ ላይ ተመሥርቶ ይከናወን። የባክአፑ መኖር ብቻ አይበቃም፤ ተመልሶ መነሣቱ አስቀድሞ በሌላ ማሽን ላይ መሞከር አለበት።

ለአክሲዮን አገናኞችና ለመዋዕለ ነዋይ አማካሪዎች ደግሞ ከኪራዩ ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ቢሮዎች የደንበኞችን መታወቂያ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የግዥ ትእዛዝ በሰርቨር ይይዛሉ። ያበጠ ዲስክ ውስጥ ያለው “ባዶ” ቦታ ባዶ አይደለም፤ የተሠረዙ ፋይሎች ቅሪት ነው። ቢሮው የማሽኑን ፋይል ለጥገና ለውጭ ባለሙያ ሲሰጥ፣ ለአዲስ ቅርንጫፍ ሲገለብጥ ወይም አከራይ ሲቀይር ያን ቅሪት አብሮ ያስረክባል። በተራ የፋይል ማውጫ ሶፍትዌር ከዓመት በፊት የተሠረዘ የደንበኛ ዶሴ ሊነበብ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጥንቃቄ ጉድለት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይሆንም፤ “ሠርዘነዋል” ማለትም መልስ አይሆንም። የማሽኑ ፋይል ከቢሮው ከመውጣቱ በፊት ባዶው ቦታ በዜሮ ተሞልቶ ቢጨመቅ ግን ቅሪቱ ከሚሰጠው ቅጂ ይወገዳል። አሮጌው ያበጠ ፋይልም የተቀመጠበት ዲስክ ከቢሮው በማይወጣበት ሁኔታ መያዝ ይኖርበታል።